ሐረርን ከስንት እርምጃ ላይ ቆመን እናንሣት?



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ የሚሆነው ይህ መጽሔት ሲሰናዳ፥ አዘጋጁ ኮሚቴ ለእኛ ለሦስት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሰጠን ሥራ «የጀጎልን ኑሮ በፎቶግራፍ አቅርቡ» የሚል ነበር። ሥራው ቀላል መስሎን በደስታ ተቀበልነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ ካሜራውን ከነሦስት ሌንሶቹ አዋሰን፤ በሌንሶቹም ቀለበት ላይ 28፥ 50 እና 135 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ታዲያ ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳንወጣ ክርክር ተነሣ። አንደኛችን ረጅሙን፥ ሁለተኛችን አጭሩን፥ ሦስተኛችን መካከለኛውን ይዘን ካልወጣን ሞተን እንገኛለን አልን። ነገሩን ለመቍረጥ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ዘንድ ብንሄድ ሳቅ አሉና «ይህማ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ከእናንተ በፊት ሐረርን ያነሡ ሰዎች የት ቆመው እንዳነሡ መጀመሪያ ጠይቁ» ብለው መለሱን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ መልስ የተወለደ ነው። በውስጡ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር የትኩረት ርቀት ይባላል። ይኸውም ከሩቅ የመጣ ብርሃን በሌንሱ አልፎ በአንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ድረስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ሲለካ ነው። በማጉያ መስታወት ፀሐይን ሰብስቦ ወረቀት ያቃጠለ ልጅ ሁሉ ስሙን ባያውቀው እንኳ ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ቁጥሩ ሲበዛ የምናየው ነገር ይጎላል፥ ስፋቱ ግን ይጠባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ብዙ ነገር ይገባል፥ ሁሉም ግን ያንሳል። የተዋስነው ካሜራ ምስሉን የሚቀበልበት ሰሌዳ ልክ እንደ ተራው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ሰሌዳ ሰያፍ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የሚቀርበው 50 መደበኛ ሌንስ ይባላል፤ 28 ሰፊ፥ 135 ደግሞ የሩቅ ሌንስ ነው።

ይህን ማንኛውም የካሜራ መመሪያ ይናገራል። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ስሌት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነን ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ ካሜራውን አቁመን ለማንሣት፥ በ28 ሌንስ 1 ሜትር ከ36 ሴንቲ ሜትር፥ በ50 ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፥ በ135 ግን ስድስት ሜትር ተኩል መራቅ አለብን። በመጀመሪያው ርቀት ሰውየው እጁን ቢዘረጋ ሊጨብጠን ይችላል። በሁለተኛው ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ እንነጋገራለን። በሦስተኛው መካከላችን አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች፥ ሰውየውም መነሣቱን ላያውቅ ይችላል። እንግዲህ ሌንስ የሚመርጥ ሰው ከሰው ፊት ስንት እርምጃ ርቆ እንደሚቆም ይመርጣል ማለት ነው።

ሐረር ከካሜራ በፊት የታየችው በብዕር ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀመጠ፤ በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የእጅ ሥራ ናቸው። በአገራችን መጀመሪያ ካሜራ ይዞ የገባው ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም 1859 ነው። በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም የፎቶግራፍ ክፍል ነበረው። ሐረር ተራዋ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ ግብፃውያን ይገዟት በነበረበት ከ1875 እስከ 1885 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ካሜራውን ያመጣው ሰው ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ በ1880 መጨረሻ ሐረር ደረሰ። በ1882 ለአንድ ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሐረርና ስለ አካባቢዋ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የማቅረብ አሳብ እንዳለው ይገልጻል። ለዚሁ አሳብ ካሜራ ከፈረንሳይ አገር አዘዘ፤ መሣሪያውም ብዙ ከቈየ በኋላ በ1883 ደረሰው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለእናቱና ለእኅቱ የራሱን ፎቶግራፎች ላከ። በአንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሁለተኛው በቡና ተክል መካከል ነው፤ በሦስተኛው በሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሯል። ሥዕሎቹ የነጡት ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለ ነበረ ነው ሲልም ያሳብባል። የሐረርን የውሃ ችግር የምናውቅ እኛ ይህን ስናነብ ሳቃችን መጣ፤ ነገር ግን ሰውየው እውነቱን ነው።

ከራሱ ሥዕሎች ሌላ የተረፉት ጥቂት ናቸው። የሥራ ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ አለ፤ በዕቃ ቤት ደጅ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ አለ፤ ገበያው አለ፤ የሼኽ አባድር ጉልላት አለ። ቅጂዎቹን በጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት በሚባለው ሙዚየም ሄደን አየናቸው። (ቤቱ ራምቦ ሐረርን ከለቀቀ በኋላ የተሠራ ነው፤ ስሙን ግን ከተማው ሁሉ ተቀብሎታል፥ እኛም ልንከራከር አልሄድንም።) መምህራችን እንዳሉን ከሥዕሎቹ ፊት ቆመን «ይህ ሰው የት ቆሞ ነበር?» እያልን ተጠያየቅን። መልሱ በሁሉም ዘንድ አንድ ሆነ፤ ገላጣ ቦታ ላይ። ሰገነት፥ አትክልት፥ ደጅ፥ ገበያ። ከጀጎል ጠባብ መንገዶች በአንዱ ውስጥ ሆኖ ያነሣው አላገኘንም።

ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን መሣሪያ ማሰብ ይበቃል። ካሜራው በሦስት እግር የሚቆም ሣጥን ነው፤ ሰሌዳውም ትልቅ ነው። ሰሌዳ ሲተልቅ የሌንሱ ቁጥርም አብሮ ያድጋል፤ ለምሳሌ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰሌዳ መደበኛው ሌንስ 220 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ሣጥን አህያና ሰው በሚተላለፉበት መንገድ መካከል ገትሮ፥ በጥላ ውስጥ ሰውን ሳይነቃነቅ አቁሞ ማንሣት ከባድ ነው። ስለዚህ የሐረር የመጀመሪያ ፎቶግራፎች ሐረርን የሚያሳዩን ሣጥኑ ሊቆም በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው። ራምቦ ስለ ኦጋዴን የጻፈው ዘገባ በ1884 በጂኦግራፊ ማኅበሩ ታተመ፤ ያሰበው ባለ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ግን ሳይወጣ ቀረ። በ1885 ካሜራውን መሸጡን፥ እያዘነም መሸጡን ለቤተ ሰቦቹ ጽፏል።

በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ አፄ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ለራስ መኰንን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዞ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ በ1888 የደረሰው ጣሊያናዊው ኢንጂነር ሮበኪ ብሪኬቲ ከእነርሱ አንዱ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመሩ፤ ሥራውንም ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱት። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ሰውን በክብር አስቀምጦ፥ ከኋላው መጋረጃ ሰቅሎ፥ ፊቱ እንዳይዛባ በቂ ርቆ የሚነሣ ነው። መጋረጃው ቤቱን ይሸፍነዋል።

ጠባቡን መንገድ ለካሜራ የከፈተው በጀርመን አገር ኦስካር ባርናክ የሠራው ላይካ የተባለው ትንሽ መሣሪያ ነው። በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ሲቀርብ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ነበረ። በ1930 የ35፥ በ1935 ደግሞ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጨመረለት። በዚያው በ1935፥ የጣሊያን ጦርነት ሊጀመር ሲል፥ አልፍሬድ አይዘንሽተት ወደ አገራችን መጥቶ ካነሣቸው ሁሉ በዓለም የታወቀው የአንድ ወታደር የተሰነጣጠቀ ባዶ እግር ነው። እግሩን በጣም ቀርቦ አንሥቶታል፤ የወታደሩን ፊት ግን አናይም። ይህ ሥዕል በመካከላችን ብዙ አከራከረ፤ አንዳችን ትልቅ ሥራ ነው ሲል ሌላችን ፊት የሌለው ሰው ነው አለ። እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈው የ135 ወገን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያሸነፈው በፍርሃታችን ምክንያት ነው። ሰው ፊት ቀርቦ «እናንሣዎት» ማለት አፈርን። በግድር መጋላ ከአንድ ቅስት ሥር ተደብቀን፥ ሰባት ሜትር ያህል ርቀን፥ ለውዝ የሚሸጡ እናት እናነሣ ጀመር። ሥዕሉ ሲታይ ያማረ ነበር፤ ከበስተኋላቸው ያለው ሁሉ ደብዝዞ እርሳቸው ብቻ ጎልተዋል። በአምስተኛው ላይ ግን ቀና ብለው በቀጥታ ወደ ሌንሱ አዩ። «ልጆቼ፥ ምን ሰርቃችሁ ነው የምትሸሸጉት? ኑ እንጂ!» አሉን። ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። ቀርበን ይቅርታ ጠየቅን፥ ለውዝም ገዛን። ስማችንን፥ የማን ልጆች እንደሆንን፥ ፎቶግራፉ የት እንደሚወጣ አንድ በአንድ ጠየቁን። ከዚያ «በሉ አሁን አንሡኝ» አሉ። ሌንሱን ወደ 50 ቀይረን በሁለት ሜትር ላይ ቆምን። በዚህ ርቀት በአግድም 1 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ እርሳቸው፥ የለውዙ ክምር፥ የመስፈሪያው ቆርቆሮ፥ ከጎናቸው የተኛው የልጅ ልጃቸውም ገባ። ሁለቱን ሥዕሎች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ በመጀመሪያው ያለችው ማንም ሴት ናት፤ በሁለተኛው ያሉት ለውዝ የሸጡልን እናት ናቸው።

በሁለተኛው ቀን መኪና ግርግር ሄድን። ስሙን ያገኘው በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚህ 50ም አላዋጣም። ከሰፊዎቹ በአንዱ ፊት ለፊት ጀርባችንን ግድግዳ አስደግፈን ብንለካ በመካከላችን ሁለት ሜትር ብቻ ነው፤ 50ው ሰውየውን ሲያስገባ መኪናውን ይቆርጣል፥ መኪናውን ሲያስገባ የተሰቀለውን ጨርቅ ይቆርጣል። 28 በዚያው ቦታ 2 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር ያስገባል፤ ሁሉም ገባ። ከዚያ ወዲያ የእርቅ መንገድ እያሉ በሚተረጉሙት በመገራ ወዩ ኡጋ ውስጥ ግን ሁለት እጃችንን ሙሉ መዘርጋት እንኳ አልቻልንም። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነካኩ መተላለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ ይባላል። እኛ ግን እዚያው ውስጥ ስለ ሌንስ ተጣላን።

ኤሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት፥ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋው የጀጎል ግንብ ከተማውን ጨብጦ ይዞታል፤ ቤቶቹም ተጠጋግተው መንገዱን አጥብበውታል። በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይኸው ጥበት ጭምር ነው። በጀጎል ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ኋላ ልራቅ ቢል ግንቡ አይፈቅድለትም።

ሰፊውም ሌንስ የራሱ ዕዳ አለው። ልብስ ሰፊውን ይበልጥ ቀርበን፥ ተንበርክከን ብናነሣ፥ ወደ እኛ የተዘረጋው እጁ ከራሱ በልጦ ወጣ። መጀመሪያ ሌንሱን ወቀስን። በኋላ ግን ጥፋቱ የቦታችን መሆኑን ደረስንበት፤ በጣም ስንቀርብ ለእኛ የቀረበው እጅ ከራቀው ራስ ጋር ያለው ልዩነት ይገዝፋል። ከአንድ ቦታ ሳንነቃነቅ በ28 እና በ50 አንሥተን የ28ቱን መካከል ቆርጠን ብናጐላ፥ ከ50ው ጋር አንድ ዓይነት መልክ አገኘን። ጓደኞቻችን ይህን በስልካቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ የብዙዎቹ ስልኮች ዋና ሌንስ በእኛ ካሜራ ስሌት ከ24 እስከ 28 ያህል ነው፥ ሌላ የሩቅ ሌንስ ከሌላቸው በጣት እያሰፉ ማጉላትም ያው መቍረጥ ነው።

ሌላው ዕዳ የጠርዙ ነው። በሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ የወደቀ ክብ ነገር ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በ28 ሌንስ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ መለጠጡ ከመቶ 19 ያህል ይሆናል። ይህንን ስሌት መምህራችን ያሠሩን ከዚህ በታች የምንተርከው ነገር ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድመን አውቀነው ቢሆን መልካም ነበር።

ከእኛ ከሦስታችን የአንዱ አያት በጀጎል ውስጥ በጥንታዊ የሐረሪ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ እንደ ደንቡ ከፍና ዝቅ ያሉ ነደባዎች አሉት፤ ግድግዳው ላይም በእርሳቸውና በእናታቸው እጅ የተሠሩ ስፌቶች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። ከትልቁ ነደባ እስከ በሩ አራት ሜትር ያህል ነው። 28ን አግብተን በሩ ላይ ቆምን፤ አምስት ሜትር ስፋት ገባልን። ግድግዳው በመካከል እንዲሆን ብለን አያታችንን «ትንሽ ወደዚያ ይበሉ፥ ትንሽ ወደዚያ» እያልን ወደ ዳር አስጠጋናቸው። እርሳቸውም «ስፌቶቹን ነው ወይስ እኔን ነው የምታነሡት?» ብለው ጠየቁ። «ሁለቱንም ነው» ብለን ሳቅን። ስንወጣ ደግሞ እስከ ደጃፉ ሸኙን። በግቢው ማዶ ቆመን፥ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ሳለ፥ 135ን አግብተን አንድ ጊዜ አነሣናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ 135 የማይሆን ነበር፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ የእጃችን መንቀጥቀጥ ሁሉን ያደበዝዘው ነበርና።

ሥዕሉን ትምህርት ቤት ወስደን ስናየው ግድግዳው ግሩም ነበር። በጠርዙ ላይ ያለው የአያታችን ፊት ግን ወደ ጎን ተስቦ ሌላ ሰው መስሏል። በሚመጣው ቅዳሜ ሄደን በመካከል አስቀምጠን እንደገና እናነሣቸዋለን ተባባልን። ያ ቅዳሜ ፈተና ሆነብን። በተከታዩ ሳምንት ታመሙ፤ በሦስተኛው አረፉ።

ኀዘን ልንደርስ በሄድን ጊዜ የጓደኛችን አጎት ወደ ጎን ጠሩንና «እናቴን አንሥታችሁ ነበር አሉ፤ አሳዩኝ» አሉን። ኮምፒዩተር ላይ የተለጠጠውን ፊት ለማስተካከል ሞክረን ነበር፤ ፊቱ ሲቃና የግድግዳውና የነደባው መስመር ስለ ተጣመመ ትተነዋል። ሁለቱንም ሥዕሎች አትመን ይዘን ሄድን። የደጃፉን አስቀድመን ሰጠናቸው። ዐይተው ዝም አሉ፥ ሳሙት፥ ለእኅታቸው አቀበሉት። ሁለተኛውን እያፈርን ሰጠናቸው፥ ስለ ጠርዙም ልናስረዳ ጀመርን። እርሳቸው ግን አልሰሙንም። ጣታቸውን በስፌቶቹ ላይ እያሳለፉ «ይህ የእኔ ሰርግ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ይህ የአያቴ ነው፤ ይህችኛዋ እናቴ ዐይኗ ሲደክም የሠራቻት የመጨረሻዋ ናት» እያሉ ለልጆቹ ይቆጥሩላቸው ጀመር። በኋላ ሥዕሉን ወደ ዐይናቸው አቅርበው ጠርዙን ሲመለከቱ ቆዩና «ለምን ከዳር አስቀመጣችኋት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

የደጃፉ ፎቶግራፍ አሁን በዚያው ቤት ከስፌቶቹ መካከል ተሰቅሏል። የግድግዳው ሥዕል በቤተ ሰቡ ፈቃድ ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ ታትሟል። የኮሚቴው ጓደኞቻችን ለገጹ ውበት ሲባል ጠርዙ ይቈረጥ ብለው ነበር፤ እኛ ግን ሳይቈረጥ እንዲወጣ ለምነን ተፈቅዶልናል።